የገጽ ቁጥር የሌለው መጽሐፍ

አባቴን በማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው መታወቂያ ወረቀቱ ብቻ ነው። ሰዉ ሁሉ «ጋሽ መርፌ» ነው የሚለው። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ሲጠርዝ ስለኖረ ይገባዋል፤ ደግሞ ቀጭን ነው፤ ደግሞ ሲናገር ይወጋል። በቀኝ እጁ አመልካች ጣት ላይ ክር ሲሳብ ሲሳብ የሠራው ቦይ አለ። ልጅ ሳለሁ ጥፍሬን እዚያ ቦይ ውስጥ እያስገባሁ እጫወት ነበር። ዛሬም ሲቆጣኝ ዓይኔ የሚያርፈው እዚያ ጣት ላይ ነው።

ከደረት ኪሱ መርፌና በሰም የታሸ ክር አይጠፋም። አንድ ጊዜ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ፣ ወረፋ ሲጠብቅ ጠረጴዛው ላይ ያገኛቸውን የተገነጣጠሉ መጽሔቶች ሲሰፋ ተራው አለፈውና ጥርሱን ይዞ ተመለሰ። ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ባለቤቶቹን ሳይሆን መደርደሪያውን ነው። ደግ ሰው ነው፤ ስህተት ላይ ግን ምሕረት የለውም። አዲስ ገቢዎቹን የሚያስፈራራቸው ሁልጊዜ በአንድ ነገር ነው፦ ሙጫ ቢፈስ ይጠረጋል፣ ክር ቢበጠስ ይቀጠላል፣ ገጽ ያዛባ ሰው ግን እሱ ፊት እንዳይቆም።

እንግዲህ የምነግራችሁ የዚህን ሰው ጉድ ነው።

እኛ ቤት አንድ መጽሐፍ አለ። ርእስ አለው፤ ነገር ግን ማንም በርእሱ አይጠራውም፣ «መጽሐፉ» ካልን እሱ ነው። የድሮ ዘመን ታሪክ ነው። ጠላት የከበባት ከተማ አለች፤ ታላቅ ወንድም የእህል ጎተራዋን ይጠብቃል፣ ታናሹ ደግሞ በሯን። አባቴ ማተሚያ ቤት በገባ በመጀመሪያው ዓመት፣ ገና ሙጫ ቀላቃይ ሳለ፣ መቁረጫ ማሽኑ ያበላሻቸውን ወረቀቶች ሊጥሏቸው ሲሉ አለቃውን ለምኖ ወሰደ። ማሽኑ የበላው ግርጌውን ነው። ጽሑፉ ደኅና ነበር፤ የገጽ ቁጥሮቹ ብቻ ተቆርጠው ሄደዋል። ምዕራፎቹም ቁጥር የላቸውም፣ አናታቸው ላይ ትንሽ አበባ ነው የታተመባቸው። እሱ ግን ምን ተዳው፤ ከሥራ መልስ እያነበበ፣ ነገሩ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ እየገመተ፣ ቅደም ተከተሉን አስይዞ ሰፋው። በሕይወቱ የጠረዘው የመጀመሪያ መጽሐፍ ነው። ለእናቱ፣ ለአያቴ ማለት ነው፣ ሰጣት። አያቴ ፊደል አታውቅም ነበርና እሱና ታናሽ እህቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተቀባበሉ አነበቡላት።

ከዚያ ወዲህ የቤታችን ደንብ ሆነ። ከመሃላችን ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ጮክ ብሎ ለቤተሰቡ ያነባል፣ በየቅዳሜው አንድ ምዕራፍ። ምዕራፉ ሲያልቅ አንባቢው ከሥሩ ቀኑን በእርሳስ ይጽፋል። አንዳንዱ ገጽ ግርጌ አምስት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ተደራርቦበታል። አያቴ ካለፈች በኋላ ንባቡ ወደ አክስቴ ቤት ዞረ። የኔ ተራ የደረሰው የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ነው፤ ያ ዓመት ደግሞ የካምቢዮ ዓመት ነበር።

ካምቢዮ የአክስቴ ባል ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ስሙን ያገኘው ግን ከመኪናው ሳይሆን ከአነጋገሩ ነው። ቀስ ብሎ ይጀምርና ማርሽ እየቀያየረ ሄዶ ሄዶ መጨረሻ ላይ ማንም አይደርስበትም። ሁለት ሴት ልጆችና የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቀን ከሌት የምትሠራ ሚስት ጥሎ አራት ዓመት ጠፋ። ደብዳቤ የለ፣ መልእክት የለ። አባቴ ያኔ፣ ያ ሰው እዚህ ሰፈር ብቅ ካለ እግሩን እሰብረዋለሁ ብሎ ማለ። አባቴ በከንቱ አይምልም፤ ሁላችንም እናውቃለን።

እኔ እንግዲህ በዚያ ወራት አነብ ነበር። ታናሹ ወንድም ማለዳ ላይ ትንሿን በር ለጠላት ከፈተ። ታላቁ ደርሶ ጠላትን ከመለሰ በኋላ፣ ወንድሙ በውጭ እንደቆመ በሩን በገዛ እጁ ዘጋበት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያነበብኩት ምዕራፍ የይቅርታው ነው። ታናሹ ተንበርክኮ «በድያለሁ» ይላል፤ ታላቁ እጁን ይዞ ያነሳዋል። አባቴ አለቀሰ። እናቴ ስትቀበር እንኳ ያላለቀሰ ሰው ነው። በማግሥቱ እሑድ አክስቴ ቤት ስንሄድ ካምቢዮ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አባቴ ደጃፉ ላይ ቆመ፣ ቆመና ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። በቃ፣ ነገሩ በዚያው አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰማውም ላልሰማውም «መጽሐፉ ነው ያስታረቃቸው» እያለ ደረቱን ይነፋል። ጠራዡ እሱ፣ አንባቢዋ እኔ። እውነቱን ለመናገር እኔም ደረቴን ነፍቻለሁ።

ዘንድሮ ተራው የአክስቴ የልጅ ልጅ ነው። ቅጽል ስሟ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱን ማስረዳት አያስፈልግም። አባቴ ጡረታ ሊወጣ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ከስንት ዘመን በኋላ ያንኑ መጽሐፍ እንደገና አተመ። የመጀመሪያው እትም ጥቂት ስለነበር ሌላ ቅጂ ዓይናችን አይቶ አያውቅም። አባቴ ከመውጣቱ በፊት እሱን መጠረዝ ዕድል ነው ብሎ እንደ ልጅ ፈነጠዘ።

ረቡዕ ዕለት ከሥራ ገብቶ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ሰው የሞተ መሰለኝ። ከቦርሳው ሁለት የታጠፉ ወረቀቶች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አኖራቸው። አንድ ትልቅ ወረቀት ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይወጣዋል፤ ጠራዦቹ «እጥፍ» ይሉታል፣ መጽሐፍ ማለት እጥፎች በተራ ተሰፍተው ነው። ያኖራቸው አሥረኛውንና አሥራ አንደኛውን እጥፍ ነበር፤ ግርጌያቸው ላይ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይቅርታው ከመቶ አርባ አምስት ይጀምራል። በሩ የተከፈተበት ከመቶ ስድሳ አንድ።

እሱ ምንም ሳይል ገባኝ። አባቴ ሁለቱን እጥፎች አቀያይሮ ሰፍቷቸዋል። ይቅርታው የቀደመ ነው። ታናሹ ይቅር የተባለው በሌላ ጥፋት ነው፣ ቀደም ብሎ በሁለት መስመር በተነገረች የእህል ስርቆት፤ አባቴ ያኔ ለእፍኝ እህል እንዲህ አይለቀስም ብሎ ይቅርታውን ከበሩ በኋላ አደረገው። ሰውየው ይቅር ከተባለ በኋላ ነው በሩን ለጠላት የከፈተው። ከዚያ በሩ ተዘጋበት፤ ስለ እሱ ዳግመኛ አይነሳም። እኛ ቤት ሦስት ትውልድ ሙሉ ተዘግቶ የተከፈተው በር፣ በእውነተኛው መጽሐፍ ተዘግቶ የቀረ ነው።

«እህቴን በተዛባ ጥራዝ ነው ያኖርኳት» አለኝ።

በሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅበት ነበር። ጋሽ መርፌ ገጽ አዛባ፣ ይህ እንኳ ለአንድ ዓመት ይበቃል። ሳቁ ያልመጣው ካምቢዮ እንደገና ስለጠፋ ነው። ለሦስት ቀን ጭነት ብሎ ከወጣ ስምንተኛ ቀኑን ይዟል፤ ስልኩ ዝግ ነው። አክስቴ ለሚጠይቃት ሁሉ «ይመጣል» ትላለች፤ እንደገና የጠየቃትን ታኮርፋለች። ጥያቄ ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ በሩ እስከተዘጋበት አንብባለች። በሚመጣው ቅዳሜ የሚነበበው ይቅርታው ነው።

ሦስት ቀን ተጨቃጨቅን። እህትህ ባሏ የት እንደገባ ሳታውቅ፣ ያመንሽው መጽሐፍ ውሸት ነው ብሎ መንገር ምን የሚሉት ጭካኔ ነው አልኩት። እሱም አዲሱ መጽሐፍ ሰኞ ሱቅ ይገባል፣ ጥያቄ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ትገዛዋለች፣ እህቴ ከልጅ አፍ ትስማው ወይ አለኝ። ዝም በል አልኩት። እሱ ዝም ሲል ደግሞ ባሰብኝ፤ ምግብ አቅርቤለት ቀዝቅዞ ይነሳል፤ ሌላው ቢቀር የቡናማ ካፖርቱ ቁልፍ ተበጥሶ ሳይሰፋው ሦስት ቀን ዋለ። አባቴ የተበጠሰ ነገር አይቶ ሳይሰፋ ሲያልፍ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። የሚያስፈራው የመጽሐፉ ነገር ብቻ አልነበረም። እህቱ ያንን ሰው ያስገባችው በእሱ ስህተት ከሆነ፣ ሃያ ሁለት ዓመቷን የበላው እሱ ነው። ይህን አፍ አውጥቶ አልተናገረም፤ ግን እኔ አባቴን አውቀዋለሁ።

ቅዳሜ ወደ አክስቴ ቤት ስንሄድ ቦርሳው ከበደበት። ራሱ የጠረዘው አዲሱ መጽሐፍ ውስጡ አለ። ዛሬ እንዳትናገር፣ እባክህ፣ አልኩት። ቦርሳውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረው።

የአክስቴ ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ በሩ በቀጥታ መንገድ ላይ ይከፈታል። ስልኳን ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ከየትኛውም ወንበር በሚታይበት ቦታ አድርጋዋለች። ብርጭቆዎቹን አጥባ ጨርሳ እንደገና ታጥባቸዋለች። መኪና ባለፈ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ ማንም ማንንም አያይም። አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። ልጅቷ አሮጌውን መጽሐፍ ጭኗ ላይ ዘርግታ ጉሮሮዋን ጠረገች። የይቅርታውን የመጀመሪያ መስመር አነበበች።

«ቆይ» አላት አባቴ።

አባቴ ተነስቶ ቆመ፣ እንደ ተከሳሽ። አዲሱን መጽሐፍ ከቦርሳው አውጥቶ ሁሉንም ነገር ተናገረ፦ መቁረጫ ማሽኑን፣ ግምቱን፣ ሁለቱን እጥፎች፣ እውነተኛውን ቅደም ተከተል። ድምፁ አንዴም አልተንቀጠቀጠም። እኔ ከንዴቴ ብዛት የወንበሩን ጠርዝ ጨብጬ ነበር። አክስቴ እጇን በፎጣ አደራረቀች፣ መጽሐፉን ተቀበለችው፣ ገለጠችና ግርጌው ላይ ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ በጣቷ ነካች። መቶ አርባ አምስት። መቶ ስድሳ አንድ። ከዚያ ለልጅቷ ሰጠቻትና በሩ የተከፈተበትን ምዕራፍ ከዚህኛው አንብቢው አለቻት።

ልጅቷ አነበበች። ባለፈው ቅዳሜ የሰማናቸው ቃላት ናቸው፣ አንድም አልተለወጠም፤ እኔ ግን እንደ አዲስ ሰማኋቸው፤ ከኋላው የሚመጣ ይቅርታ እንደሌለ አውቄያለሁና። ታላቁ ወንድም ወደ በሩ እየሮጠ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

ሁላችንም ወደ ቁም ሣጥኑ ዞርን። አክስቴ ተነስታ ቁጥሩን አየች። አላነሳችውም።

«ቀጥዪ» አለቻት ልጅቷን።

ጥያቄ ዓይኗ ስልኩ ላይ፣ አፏ መጽሐፉ ላይ ሆኖ ቀጠለች። ስልኩ እስኪበቃው ጮኾ ዝም አለ። ታላቁ በሩን ገፋው፣ መቀርቀሪያውን ወረወረው፣ ግንባሩን እንጨቱ ላይ አስደግፎ የወንድሙን ድምፅ ከወዲያ በኩል ሰማ። ምዕራፉ በዚያ አለቀ። ልጅቷ ገጹን ገለበጠች። በሚቀጥለው ምዕራፍ ከበባው ተነስቷል፣ ሰዎች ዘር ይዘራሉ።

«ታናሹስ?» አለች።

አባቴ ተቀመጠ። ወለሉን እያየ፣ ያን ጊዜ ይህን ብታውቂ በሩን አትከፍቺለትም ነበር፣ ያስከፈትኩሽ እኔ ነኝ፣ አላት።

አክስቴ ዞራ አየችው። ከዚያ ያልጠበቅኩትን አደረገች፣ ፈገግ አለች። ደስታ ያለበት ፈገግታ ግን አልነበረም።

«ወንድምጋሼ፣ እሱ የመጣው እኮ ማክሰኞ ነው» አለችው።

አባቴ ቀና አለ። አክስቴ ወደ እኔ ዞራ አሮጌውን መጽሐፍ ክፈቺው አለችኝ። ከፈትኩት። ከይቅርታው ምዕራፍ ሥር፣ በዚያ በተንጋደደ የልጅነት ጽሑፌ፣ «ቅዳሜ 14» ይላል። ካምቢዮ የመጣው በ10 ነው፣ ማክሰኞ፣ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ። በሩን ራሷ ከፈተች። ከዚያ አራት ቀን ሙሉ ጓዳ ውስጥ ደበቀችው፤ እንዳይስል፣ እንዳያንኮራፋ፣ በተለይ ደግሞ እንዳያወራ አስጠንቅቃ። ሐሙስ ዕለት አባቴ ሊጠይቃት ብቅ ብሎ፣ ከዚያ ከሃዲ ጋር የምገናኝበትን ቀን ያምጣው እያለ ሻዩን ጠጥቶ ሄዷል። በመሃላቸው አንድ መጋረጃ ነበር።

«እግሩን እሰብራለሁ ብለህ ምለሃል» አለችው። «አንተ ደግሞ የማልከውን አትረሳም። ምን ላድርግ? ምዕራፎቹን ቆጠርኩ። ቅዳሜ ይቅርታው እንደሚነበብ አወቅሁ። እሱን ስትሰማ ሁልጊዜ ሆድህ ይባባል፣ ከልጅነታችን ጀምሮ። እስከዚያ አቆየሁት፣ እሑድ አወጣሁት። መጽሐፉ ያስታረቀው አንተን ነው፤ እኔን ማንም አላስታረቀኝም። እኔ የከፈትኩት ልክፈትለት ብዬ ነው። ክፉም ከሆነ የኔ ነው፣ ደግም ከሆነ የኔ ነው።»

አባቴ አመልካች ጣቱን እያሸ ቆየ። ሃያ ሁለት ዓመት የኮራበት ነገር ተወሰደበት፤ በአራት ቀን ውስጥ ያጎበጠው ሸክም ደግሞ አብሮ ወረደለት፤ የትኛውን ቀድሞ እንደሚያስብ ግራ የገባው ይመስላል። እኔም ቅር አለኝ፣ አልዋሽም። የይቅርታዋ አንባቢ ነኝ ስል ለካ አባቴን ማባበያ ሆኜ ኖሬያለሁ። ግን ደግሞ አባቴ ሲተነፍስ አየሁት፤ ከረቡዕ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ሆዱ ተነፈሰ፣ ለዚያ ስል ሁሉንም ተውኩት።

አክስቴ ስልኩን አንስታ ደወለች። የት ነህ አለች። ከወዲያ ድምፁ ማርሽ እየቀየረ ሲመጣ እኛም ይሰማናል። አላስጨረሰችውም።

«ና» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ሄዳ በሩን ቀረቀረች።

አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ሻይ ቀርቦ ነበር፣ ማንም አልነካውም። ጥያቄ እንኳ አልጠየቀችም። ማን እንደሚመጣ እናውቃለን፤ አክስቴ ምን እንደምታደርግ ግን አናውቅም፣ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም ነበር። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ይህኛው መኪና አላለፈም፤ ቆመ። የመኪና በር ተዘጋ፤ ከዚያ በሩ ተንኳኳ፣ ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ።

ለበሩ የሚቀርበው አባቴ ነው። ከልማድ ብድግ አለ።

«ተቀመጥ ወንድምጋሼ» አለችው። «የዚያን ጊዜም የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

አባቴ ተቀመጠ። እሷ ወንበሯን በአንድ እጇ አንስታ ሄደች፣ መቀርቀሪያውን ሳበች፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ካምቢዮ እስከ ክርኑ ግራሶ ተቀብቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ በአሥራ አንድ ቀን ሸሚዙ ቆሟል። አፉን ሲከፍት ገና ከመነሻው አራተኛ ማርሽ ላይ ነበር፦ ሞተሩ፣ መለዋወጫው፣ ስልኩ፣ ድልድዩ። እጇን አንስታ አስቆመችው። ወንበሩን ከበሩ ደፍ በዚህ በኩል አድርጋ ተቀመጠችበት፤ እሱ በዚያ በኩል እንደቆመ ነው።

«ከመጀመሪያው ጀምር» አለችው። «በተራ በተራው። አንድም ቀን ሳትዘል።»